የመሰላችሁን ክፈሉ

አልበሜን በነፃ የሰጠሁ የሚመስላቸው ሰዎች አሉ። አልሰጠሁም። «አዳምጡ፤ ከዚያ የመሰላችሁን ክፈሉ» ነው ያልኩት። ልዩነቱን ለማስረዳት ብዙ ደክሜያለሁ፤ ካዛንቺስ በምሠራበት መሥሪያ ቤት ኮሪደር ላይ፣ ታክሲ ሰልፍ ላይ፣ አንድ ጊዜ እንዲያውም ለቅሶ ቤት ተቀምጬ። የማስረዳው ሰው ራሱን እየነቀነቀ ይሰማኝና «ገባኝ፣ ገባኝ። በነፃ መልቀቅህ በጣም ጥሩ ነው» ይለኛል። እንዲህ ያለኝን ሰው ሁሉ እስከ ዛሬ አልወደውም።

ዘፋኝ ነኝ ብዬ አፌን ሞልቼ አልናገርም። የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነኝ። ፋይል እከፍታለሁ፣ ቁጥር እሰጣለሁ፣ የተጠየቀውን አወጣለሁ፣ የተመለሰውን ቦታው እመልሳለሁ። በወጣትነቴ ግን ከቂርቆስ ልጆች ጋር ባንድ ነበረን። ሠርግ ላይ እንጫወታለን፣ ሆቴል እንጫወታለን። ከመካከላችን ድምፅ የነበረኝ እኔ ስለሆንኩ አንድ ካሴት በስሜ ወጣልኝ። ያሳተመው ለገሃር ሙዚቃ ቤት የነበረው አንድ ነጋዴ ነው። በአንድ ጊዜ ክፍያ ገዛኝ። ወረቀቱን ሳላነብ ፈረምኩ። ባነበውም የምፈርም ይመስለኛል፤ ሃያ ዓመት ትንሽ አልፎኝ ነበር፣ ፎቶዬ ካሴት ላይ ሊወጣ ነው፣ ሌላ ምን አያለሁ?

በዚያ ዓመት ዘፈኔ በየታክሲው ይከፈት ነበር። እኔም ዘፈኔን በከፈተ ታክሲ ተሳፍሬ፣ ሒሳቤን ከፍዬ እወርድ ነበር። ክረምቱ ሲወጣ ነጋዴው ጋ ሄጄ ሁለተኛ ካሴት እንሥራ ስለው ፊቱን እንኳ ሳያዞር «የመጀመሪያው ገና አላለቀም» አለኝ። መደርደሪያው ላይ አንድም ፍሬ አልቀረም ነበር። እያየሁት ነው የዋሸኝ።

ያን ቀን ከለገሃር እስከ ቂርቆስ በእግሬ እየሄድኩ፣ ከእንግዲህ ለዘፈኔ ዋጋ የሚያወጣ ነጋዴ አይኖርም ብዬ ማልኩ። መሐላዬን ለመጠበቅ አልተቸገርኩም፤ የጠየቀኝ ነጋዴ የለም። ባንዱ ተበተነ፣ አገባሁ፣ ልጆች ወለድን፣ ካሴት የሚባለው ነገር ራሱ ከገበያ ጠፋ።

ከባንዱ አብሮኝ የቀረው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ድራም ይመታልን የነበረው ጓደኛዬ። ቂርቆስ አንድ ግቢ ውስጥ ነው ያደግነው። እኔ መዝገብ ቤት በገባሁ በሁለተኛው ዓመት እሱም እዚያው መሥሪያ ቤት ዕቃ ግምጃ ቤት ተቀጠረ። ከዚያ ወዲህ ምሳችንን አብረን ነው የበላነው። ዝምተኛ ነው። ሲናገር ደግሞ የሚናገረውን ለማሳመር አይደክምም። ይህን ጠባዩን በሌሎች ሰዎች ላይ ሲያሳይ እወድለት ነበር።

ትልቋ ልጃችን ሥራ የያዘች ዓመት የእቁብ ዕጣ ደረሰኝ። ገንዘቡን ይዤ ወሎ ሰፈር አንድ ወጣት አቀናባሪ ጋ ሄድኩ። ስቱዲዮው ከአንድ ካፌ ጀርባ ያለች፣ ግድግዳዋ ላይ ስፖንጅ የተለጠፈባት ጠባብ ክፍል ናት። ሰባት ወር ሙሉ ከሥራ ስወጣ በቀጥታ ወደዚያ ነበር የምሄደው። ስምንት ዘፈን ሠራን። ሲያልቅ አቀናባሪው፣ አልበም ገዝተው ኢንተርኔት ላይ የሚጭኑ ሰዎች እንዳሉ ነገረኝ።

«በአንድ ጊዜ ክፍያ ነው ጋሼ። ይፈርማሉ፣ ይገላገላሉ።»

ይህን ሲለኝ የለገሃሩ ነጋዴ ጀርባ ታየኝ።

«አይሆንም» አልኩት። «አንድ ገጽ ሥራልኝ። ሊንኩን የነካ ሰው ስምንቱንም ዘፈን ያግኝ። ከሥሩ የባንክ ቁጥሬን አስቀምጥ። የመሰላቸውን ይክፈሉ።»

«ምንም ባይመስላቸውስ?» አለኝ።

ቀልድ መሆኑን ለማወቅ ፊቱን አየሁት። አልቀለደም።

ለባለቤቴ ስነግራት የተማሪዎቿን ደብተር እያረመች ነበር። አንደኛ ደረጃ ነው የምታስተምረው። እስክሪብቶዋን አላስቀመጠችም።

«ዋጋ አውጣለትና ሽጥ፤ በቃ።»

«ዋጋውን የሚያውቀው ሰሚው ነው» አልኳት።

«አምስት ብር ቢልህስ?»

«አምስት ብር ይሁን።»

«አትቀየምም?»

«ምረጡ ብዬ ለምን እቀየማለሁ?»

ቀና ብላ አየችኝና ወደ ደብተሯ ተመለሰች። ያኔ አተያየቷን ንቀት ነው ብዬ ወሰድኩት።

አልበሙ ወጣ። ሊንኩ ከስልክ ወደ ስልክ ሄደ። ብሩም መምጣት ጀመረ። ያላሰብኩት አንድ ነገር ነበር፤ በባንክ የተላከ ብር የላኪውን ሙሉ ስም ይዞ ነው የሚመጣው። «ምክንያት» የምትል ክፍት ቦታም አለችው፤ ላኪው ደስ ያለውን ይሞላባታል። እነዚያን ምክንያቶች እያነበብኩ ያሳለፍኳቸውን ቀናት ሳስብ ዛሬም እናደዳለሁ። አንዱ «ለሻይ» ብሎ ጻፈ። አንዷ «ማበረታቻ» አለች፤ የሰፈር እግር ኳስ ቡድን የምትረዳ ይመስል። አንዱ «ለአራተኛው ዘፈን ብቻ» ብሎ ሰባቱን ዘፈን አንድ በአንድ መልሶ ፊቴ ላይ ወረወረልኝ። አንዱ «ኪራይ» ብሎ ጻፈ፤ እጁ ስለለመደው ይሆናል። የማላውቀው አንድ ሰው ደግሞ «ምጽዋት» አለ። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ያ ሰው ደግ ሰው ሊሆን ይችላል፤ ለነፍሱ አስቦ ሊሆን ይችላል። እኔ ግን በአደባባይ ሳንቲም እግሬ ሥር እንደተወረወረልኝ ነው የተሰማኝ።

ደህና የከፈሉም ነበሩ። እነሱን አሁን በደንብ አላስታውሳቸውም፤ ይህ ስለ እኔ የሚናገረውን ነገር አውቃለሁ። ስልኬን ስከፍት የምፈልገው በዝርዝሩ ላይ ያለውን ስም አልነበረም። የሌለውን ነበር።

ከቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ወረድ ብላ ሱቅ ያላት ጎረቤታችን አልበሜን ከጠዋት እስከ ማታ ትከፍተው ነበር። ሳልፍ ካየችኝ «የኛ ሰፈር ሰው እኮ ነው» ብላ ለገበያተኛው ታሳየኛለች። ስሟ አንድም ቀን ስልኬ ላይ አልመጣም። ዳቦና ሳሙና ከእሷ መግዛት ተውኩ። ሁለት መንገድ ተሻግሬ ሰው ከማላውቅበት ሱቅ እገዛ ጀመር። ባለቤቴ ሳሙናው ለምን እንደተቀየረ ብትጠይቀኝ «የተሻለ ነው» አልኳት። አረፋ የማያወጣ ሳሙና ነበር። ሌላ ጎረቤታችን ደግሞ መንገድ ላይ እጄን ጨብጦ «አልቅሼ ነው የሰማሁት» አለኝ። እንባህን ለራስህ ያዘው አልኩ በሆዴ። በአፌ «አመሰግናለሁ» ብዬ ነው ያለፍኩት። ከዚያ በኋላ ግን ከሩቅ ሳየው መንገድ እቀይር ነበር።

በመሥሪያ ቤት የሠራሁት ከዚህ የባሰ ነው። ከሰው ኃይል ክፍል አንዲት ወጣት ነበረች። ምሳ በምንበላበት የሠራተኞች ክበብ ውስጥ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «ከእርስዎ ዘፈን ሌላ አልሰማም» ብላኝ ነበር። ስሟን ፈለግሁ፤ የለም። በሳምንቱ መዝገብ ቤት መጣች። ለሌላ የሥራ መደብ ልትወዳደር ፈልጋ የግል ማኅደሯ ውስጥ ያለው የትምህርት ማስረጃዋ አስፈልጓታል። ማመልከቻ የሚዘጋበት ቀን ቀርቧል።

«ፋይሉ ወጥቷል፤ አልተመለሰም» አልኳት።

ከኋላዬ ሁለተኛው መደርደሪያ ላይ ነበር። ክንዴን ብዘረጋ እደርስበታለሁ። በማግስቱ መጣች፤ ያንኑ መለስኩላት። በሦስተኛው ቀን ስትመጣ ዓይኗ ቀልቶ ነበር። «አሁን ገና ተመለሰ» ብዬ ሰጠኋት። አመሰገነችኝ። ቀኑ ሳያልፍባት ደርሳለች፤ ግን ያን አስቤ አይደለም የሰጠኋት። ማየት የፈለግሁትን ስላየሁ ነው። ይህን እስከ አሁን ለባለቤቴ እንኳ በዚህ መልኩ አልነገርኳትም።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ስልኬ ጮኸ። እስከዚያ ቀን ከመጣው ሁሉ የሚበልጥ ክፍያ ነበር፤ ከእሱ ቀጥሎ ያለውን በብዙ እጥፍ የሚያስከነዳ። ደስ ብሎኝ ስሙን አየሁ። የለገሃሩ ነጋዴ ነበር። ምክንያት በሚለው ቦታ «ለአዲሱ» ብሎ ጽፏል።

ለአዲሱ። የድሮውን ጨርሻለሁ ማለቱ ነው። ሌላ ትርጉም ልሰጠው ሞከርኩ፤ አልቻልኩም። ምሳ ሰዓት እስኪደርስ ጠብቄ ወደ ለገሃር ሄድኩ።

ሙዚቃ ቤቱ የነበረበት ቦታ አሁንም የእሱ ነው። አሁን ሻንጣና የስልክ ልባስ ይሸጣል። አርጅቷል። ከጠረጴዛው ኋላ ትራስ በተነጠፈበት ወንበር ላይ ተቀምጦ ነበር። ወዲያው አወቀኝ፤ ይህም አናደደኝ።

«የላኩትን ልመልስልዎ ነው የመጣሁት» አልኩት።

«ምነው? አነሰ?»

«አልፈልገውም።»

«የመሰላችሁን ክፈሉ አላልክም? ልጄ ናት ያሳየችኝ። ሰማሁት፣ መሰለኝ፣ ከፈልኩ።»

«ያኔስ? በየታክሲው ሲከፈት ምን መሰለዎ?»

አንድ ደንበኛ ገብታ የሻንጣ ዋጋ ጠየቀችው፤ በጣቱ እጀታው ላይ የታሰረችውን ወረቀት አሳያት። ስትወጣ ወደ እኔ ዞረ።

«ያኔ የተስማማንበትን ከፍዬሃለሁ። ካንተ በፊት ያሳተምኳቸው ካሴቶች ጓዳ ውስጥ አይጥ በልቷቸዋል። ያንን አልጠየቅህም። ያንተው ስለተሸጠ ሌባ ሆንኩ።»

«አላለቀም ብለው ዋሽተውኛል።»

«ዋሽቻለሁ» አለ። እንዲህ ቶሎ ያምናል ብዬ አልጠበቅሁም። «ለሁለተኛው ብዙ ትጠይቀኛለህ ብዬ ፈራሁ። ይኸው ነው። አንተ ደግሞ አሁን ዋጋ አላወጣሁም እያልክ ትዋሻለህ። አውጥተሃል። ለሰው ያልነገርከው ዋጋ በሆድህ አለ። ያልደረሰበትን ትቀየማለህ፣ ያለፈውን ልትመልስለት ትመጣለህ። እኔ ዋጋዬን ለጥፌ ነው የምሸጠው። የማይፈልግ አይገዛም፤ ሰላም ብሎኝ ይሄዳል።»

«የባንክ ቁጥርዎን ይስጡኝ።»

«አልሰጥህም።»

ሌላ ደንበኛ ገባ። ነጋዴው ተነስቶ ወደ እሱ ሄደ። ትንሽ ቆሜ ወጣሁ። ታክሲ ውስጥ ሆኜ ሳስበው ከሁሉ በላይ ያንገበገበኝ የተናገረው አልነበረም። ልሰድበው ሄጄ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ «እርስዎ» እያልኩት መመለሴ ነው።

ይህ የሆነው ረቡዕ ነው። ዓርብ ዕለት ከጓደኛዬ ጋር ተጣላሁ።

ጓደኛዬ የከፈለኝ አልበሙ በወጣ በመጀመሪያው ሳምንት ነው። የላከው አንድ ምሳ አይገዛም። ምክንያት የሚለውን ባዶውን ትቶታል። አይቼ ዝም አልኩ። በየቀኑ ፊት ለፊቴ ተቀምጦ ሲበላ እያየሁት ዝም አልኩ። ሰበብም ፈልጌለት ነበር። ካዛንቺስ የነበረው ቤቱ ሰፈሩ ሲፈርስ አብሮ ፈርሷል፤ አሁን ከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ገብቶ ለሥራ ሦስት ታክሲ ይይዛል። ተቸግሮ ነው እያልኩ ራሴን አጽናናለሁ። ነጋዴው ከዝርዝሩ አናት ላይ ከተቀመጠ በኋላ ግን ማጽናኛው አልሠራም። የጠላሁት ሰው ከላይ፣ ወንድሜ የምለው ሰው ከታች። ይህን በየደቂቃው አስብ ነበር።

ክበቡ ሞልቶ ነበር። ሁለታችንም ሽሮ አዘዝን። ጥቂት እንደበላን ጀመርኩ።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ።»

«ጠይቅ።»

«የላክልኝን አይቼዋለሁ።»

«እሺ።»

«ተቸግረህ ነው?»

«አይ።»

«ማለቴ፣ ከቤቱ መፍረስ ወዲህ ትራንስፖርቱ ምናምኑ…»

«አልተቸገርኩም አልኩህ።»

«ታዲያ ምንድነው?»

የጎረሰውን አኝኮ ዋጠ፤ ውኃ ጠጣበት። «ሦስት ጊዜ ሰማሁት» አለ። «አልወደድኩትም።»

ሳቅሁ። የሳቅሁት ይቀልዳል ብዬ ሳይሆን አጠገባችን ያሉት ሰዎች ቀልድ እንዲመስላቸው ነው።

«ምኑን ነው ያልወደድከው?»

«ድምፁን። ያንተ አይደለም። ስትወጣ፣ እላይ ስትደርስ ድምፅህ ትሰነጠቃለች። ድሮ ከኋላህ ተቀምጬ ስመታ እሷን ነበር የምጠብቀው። ሠርግ ላይ ሰው ከወንበሩ የሚነሳውም ያኔ ነው። እዚህ ላይ ስምንቱንም ዘፈን ፈለግኳት፤ የለችም። በማሽን አስላጭተኸዋል።»

እውነቱን ነው። ስቱዲዮ በገባሁ በመጀመሪያው ቀን አቀናባሪው «እዚህች ጋ ትንሽ ላስተካክላት ጋሼ?» ብሎኝ ነበር። አስተካክላት አልኩ። ስሰማው አማረኝ፤ ሃያ ዓመት የቀነሰልኝ መሰለኝ። ከዚያ በኋላ እኔው ነኝ «እዚህም፣ እዚያም» እያልኩ ያስላጨሁት። ይህን ከእኔና ከአቀናባሪው በቀር የሚያውቅ ሰው ያለ አልመሰለኝም።

«ለዚህ ነው ከአንድ ምሳ ያነሰ የላክልኝ?»

«ምረጡ አልክ፤ መረጥኩ። ባልልክ ይሻል ነበር። ግን ብዙ ለፍተሃል።»

ብዙ ለፍተሃል። ከ«ምጽዋት» የከፋ ነገር ነው። እጄን ከገበታው አነሳሁ።

«አንተ ድራምህን የሸጥክ ቀን ሙዚቃ ጨርሰሃል» አልኩት። «በየትኛው እጅህ ነው የሰው ሥራ የምትመዝነው?»

ድራሙን የሸጠው እናቱ ታመው ለማሳከሚያ ነው። ገዢው ቤት ድረስ አብሬው የተሸከምኩት እኔ ነኝ። ስንመለስ መንገድ ላይ አንድ ቃል አልተናገረም፤ እኔም አልተናገርኩም። በእኛ መካከል ከዚያ ቀን በላይ የምኮራበት ቀን አልነበረም። ክበቡ ውስጥ ይህን ስለው በዙሪያችን ያሉት ጠረጴዛዎች ጸጥ ብለው ነበር።

ጓደኛዬ አልጮኸም። ፊቱም አልተለወጠም።

«የልጅቷን ፋይል ለምን ደበቅህ?» አለኝ።

«የቷ ልጅ?»

«ታውቃለህ። ካርቶን ልወስድ መጥቼ መደርደሪያው ላይ አየሁት። አንተ ወጥቷል ስትላት በሩ ላይ ነበርኩ።» ድምፁን ከፍ አላደረገም፤ ግን ሰው ሁሉ ይሰማል። «ለማንም አልተናገርኩም። የመሰላችሁን ክፈሉ ብለህ ስታበቃ የመሰላቸውን ያደረጉትን ሰዎች ትቀጣለህ። ይህን ከምታደርግ ዋጋህን ጽፈህ በር ላይ ብትቆም ይሻልሃል።»

ተነስቶ እጁን ታጠበ። የሁለታችንንም ሒሳብ ከፍሎ ወጣ። እኔ ሽሮው እስኪቀዘቅዝ እዚያው ተቀመጥኩ፤ በሰው መካከል ተነስቼ እስከ በሩ መሄድ ከበደኝ።

ቤት ገብቼ ለባለቤቴ የነገርኳት እንድታግዘኝ ነበር። ስለ ነጋዴውም፣ ስለ ጓደኛዬም፣ ስለ ሱቋ ጎረቤታችንም ነገርኳት። ስለ ፋይሉ ግማሹን ብቻ ነገርኳት። ሰምታ ስትጨርስ ፊቷ ላይ ያየሁት ርኅራኄ አልነበረም።

«ፈተና ነው ያወጣኸው» አለችኝ። «ተፈታኞቹ ፈተና ላይ መሆናቸው አልተነገራቸውም። እኔ እንዲህ ባደርግ ከትምህርት ቤት ያባርሩኛል።»

«ቢያንስ አንቺ…»

«እኔ ስንት ከፈልኩ?»

ስሟን በዝርዝሩ ውስጥ ፈልጌ አላውቅም ነበር።

«ምንም አልከፈልኩም» አለች። «ሰባት ወር እራት ከድኜ ብቻዬን ስቀመጥ የከፈልኩ መስሎኝ ነበር። የእቁቡንም ዕጣ ወጥ ቤቱ ይታደስ ሳልል አሳልፌ ስሰጥህ የከፈልኩ መስሎኝ ነበር። አሁን ሳስበው እኔንም ሳትመዝነኝ አልቀረህም።» ሳህኖቹን ሰብስባ ወደ ወጥ ቤት ገባች። ለሦስት ቀን ያህል ከሚያስፈልገው በላይ አላናገረችኝም።

በቀጣዩ ሳምንት አቀናባሪው ጋ ሄጄ ዋጋ እንዲያስቀምጥልኝ ነገርኩት። አንድ ዋጋ፤ ያልከፈለ የማይሰማበት። ወዲያው ወቀሳው መጣ። «አንተም ነጋዴ ሆንክ?» ያሉኝ ሰዎች አሉ፤ አንዳቸውም ከዚያ በፊት ከፍለው አያውቁም። ሱቋ ጎረቤታችን ግን በመጀመሪያው ቀን ከፈለች። መንገድ ላይ አስቁማኝ ተቆጣችኝ።

«መጀመሪያውኑ ስንት እንደሆነ ብትናገር ምን ነበረበት? አነሰ ብለህ ብትቀየመኝስ ብዬ ዛሬ ነገ እያልኩ ስጨነቅ አንተ ከሱቄ ቀረህ። ዳቦ ከየት እንደምትገዛ የማላውቅ መሰለህ?»

በማግስቱ ሳሙና ከእሷ ገዛሁ። ዕቃውን ሰጠችኝ፣ ብሩን ተቀበለችኝ፤ «የኛ ሰፈር ሰው» የሚለውን ግን ከዚያ ወዲህ ሰምቼው አላውቅም።

የመዝገብ ቤቱ ነገርም በክበቡ በኩል ልጅቷ ጆሮ ደረሰ። ተወዳድራ ቦታውን አግኝታ ሌላ ፎቅ ሄዳ ነበር። ይቅርታ ልጠይቃት ቢሮዋ ሄድኩ። ከኮምፒውተሯ ላይ ዓይኗን ሳታነሳ «ለአለቃዎ ጽፌያለሁ፤ እሳቸውን ያናግሩ» አለችኝ። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝ። ሌላ ሠራተኛ ነው የግል ማኅደሬ ውስጥ ያስገባው፤ እኔ እንዳልነካው ተብሎ።

ጓደኛዬ ምሳውን ከዕቃ ግምጃ ቤት ልጆች ጋር መብላት ጀመረ። እኔ ብቻዬን እበላ ነበር። አንድ ከሰዓት ወሎ ሰፈር ሄጄ አቀናባሪውን፣ ያልተስተካከለውን ድምፄን እንዲሰጠኝ ጠየቅኩት። መጀመሪያ የተቀዳውን፣ ማሽን ያልነካውን። ለጓደኛዬ ልልክለት ነበር ያሰብኩት፤ ምንም ሳልጽፍበት።

«እሱማ ቦታ ስለያዘብኝ አጠፋሁት ጋሼ» አለኝ። «እርስዎ እኮ አልወደዱትም ነበር።»

አዲስ ልቅዳ ብዬ ማይክራፎኑ ፊት ቆምኩ። አንዱን ዘፈን ሦስት ጊዜ ሞከርኩ። እላይ ስደርስ ድምፄ አልተሰነጠቀችም፤ ጭራሽ አልወጣችም። አቀናባሪው በመስታወቱ በኩል እያየኝ «ላግዛት?» አለኝ። ተወው ብዬ ወጣሁ።

በዓመቱ ጓደኛዬ ቤቱ አጠገብ ወዳለ ቅርንጫፍ ዝውውር ጠየቀ፤ ተፈቀደለት። መሸኛው ክበቡ ውስጥ ነበር። ለስላሳና ቆሎ ቀረበ፤ አለቃው ጥቂት ቃል ተናገሩ። ከዚያ ሰብሳቢዋ ወደ እኔ ዞራ፣ በዚህ መሥሪያ ቤት ከሁሉ በፊት የሚያውቁት እርስዎ ስለሆኑ አንድ ነገር ቢሉልን አለችኝ። ስለ ፀባችን የማታውቅ አዲስ ሠራተኛ ናት። የሚያውቁት ሁሉ ቆሎአቸው ላይ አቀረቀሩ።

«ጉንፋን ይዞኛል» አልኩ።

ጓደኛዬ እየዞረ ሁሉንም ጨበጠ። እኔ ጋ ሲደርስ እኔንም ጨበጠኝ። እጁ እንደ ድሮው ሻካራ ነው። «ደህና ሁን» አለኝ። «ደህና ሁን» አልኩት። ሌላ የሚለኝ ነገር ያለው መስሎኝ እጁን ትንሽ ይዤ ቆየሁ። አልነበረውም። የሚቀጥለውን ሰው ሊጨብጥ አለፈ። እኔም ፋይል የሚጠብቅ ባለጉዳይ ስለነበረኝ ወደ መዝገብ ቤት ተመለስኩ።